የልጁ ታብሌትና የእማማ ስልክ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከልደታ ነው የመጣው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ወንዱ 11 ዓመቱ ነው፣ አምስተኛ ክፍል። ሴቷ 7 ዓመቷ ነው። እኔ ሰንጋ ተራ፣ ባለቤቴ ካዛንቺስ ነው የምንሠራው። ማታ 1 ሰዓት ሳይሆን አንገባም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚቀበሏቸው የባለቤቴ እናት ናቸው። እማማ ነው የምንላቸው።

አምና እህቴ ከውጭ ታብሌት ላከችላቸው። ሲም የለውም፣ በቤታችን ዋይፋይ ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት ክሮም ላይ ሂስትሪውን ሳየው፣ እዚህ ለመጻፍ የሚያሳፍረኝን ነገር አየሁ። ወንዱ ልጄ ነው የከፈተው። ደነገጥኩ፣ መታሁት። ታብሌቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። ሦስት ቀን ሳይሞላ የእማማን ስልክ ይዞ መኝታ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ባለቤቴ ‹ስልክ የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ይጥፋ› ይላል። ግን ቲቸራቸው ሆምወርክ የምትልከው በቴሌግራም ነው። እባክሽ ሁሉንም የሚዘጋ አንድ አፕ ንገሪኝ። የልደታዋ እናት።»

እህቴ፣ የማትወጂውን ላስቀድም። ሁሉንም የሚዘጋ አንድ አፕ የለም። «አለ» ብሎ የሚሸጥልሽ ሰው ካገኘሽ ብርሽን ያዢ። ያሉት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀዳዳ የሚደፍኑ ነገሮች ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ከሰጠሽው ብዙውን ትደፍኚዋለሽ። እንዴት እንደሆነ እነግርሻለሁ።

ግን ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንቺ የጻፍሽው ስለ ታብሌቱ ነው። እኔን ያሳሰበኝ የእማማ ስልክ ነው። ወደሱ እመጣለሁ።

ሴቲንጉ ትንሽ ይቆየን፣ መጀመሪያ ስለ ልጁ እናውራ። ምን እንዳየ ነግረሽኛል። እንዴት እንደደረሰበት ግን አልጻፍሽም። ጠይቀሽዋል? ብዙ ልጅ ፈልጎ አይደለም እዚያ የሚደርሰው። ነፃ ጌም ይጭናል፣ ጌሙ መሀል ማስታወቂያ ይመጣል፣ ጣቱ ይነካዋል። ወይም ክፍል ውስጥ አንዱ ጎረምሳ አንድ ቃል ይነግረዋል። ቤት መጥቶ «ምን ማለት ነው?» ብሎ ጎግልን ይጠይቃል። እኛን አይጠይቅም። ብንጠየቅ ምን እንደምንል ያውቀዋላ።

«ነውር ነው!» እንላለን። ቃሉን አልጠላውም፣ ብዙ ነገር ጠብቆልናል። ግን 11 ዓመት ልጅ ነውሩ ያየው ነገር ይሁን እሱ ራሱ አይለይም። በዚያ ላይ ተመቷል። አሁን በልቡ የያዘው «ሁለተኛ አላይም» የሚል አይመስለኝም። «ሁለተኛ እንዳትይዘኝ» ነው። መኝታ ቤት የገባውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ታብሌቱን ከማውጣትሽ በፊት ከልጁ ጋር ተነጋገሪ። ፊት ለፊት አስቀምጠሽ አይደለም፣ ያ ምርመራ ይሆንበታል። ዳቦ ልትገዙ ስትወርዱ፣ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ንገሪው። እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦ «ባለፈው የመታሁህ ደንግጬ ነው። መምታት አልነበረብኝም። ያየኸው ነገር ትልልቅ ሰዎች ለገንዘብ ብለው የሚተውኑት ነው። ሰዎች በእውነት ሲዋደዱ እንደዚያ አይደሉም። ስላየኸው መጥፎ ልጅ አልሆንክም። እንደገና ከመጣብህ ዝጋውና ለኔ ንገረኝ። አልቆጣህም።»

አልቆጣህም ካልሽ ታዲያ አትቆጪ። ይፈትንሻል። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ትንሽ ነገር ይዞ ይመጣል፣ ፊትሽን ሊያይ። (ልጅን ይቅርታ መጠየቅ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። በበርበሬ ታጥነን ያደግን ሰዎች ነን። መጀመሪያ ቀን እኔም አንደበቴ ተሳስሮ ነበር።)

አንድ ጥያቄ ግን ሳትጠይቂው እንዳታልፊ። የማያውቀው ሰው በጽሑፍ አናግሮታል? ፎቶ ላክልኝ ብሎታል? አዎ ካለሽ ነገሩ ከልጅ ጥፋት ወጥቷል። ጥፋተኛው ሌላ ሰው ነው። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን እንደዚህ ባለ መልእክት ማማለል በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል። መልእክቱን አትሰርዢ። ፎቶ አንሺውና ለፖሊስ አመልክቺ።

አሁን ታብሌቱን ከቁም ሳጥኑ አውጪው።

አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ አካውንቱ የማን እንደሆነ እዪ። እገምታለሁ፣ የእህትሽ ነው። ወይም ስልክ ቤት ወስዳችሁት ልጁ በሁለት ደቂቃ የከፈተላችሁ ጂሜይል ነው። እኔም ስልክ ቤት ከፍተውልኝ ያውቃል። የተጻፈው ዕድሜ የባለሱቁ ይሁን የማን እስከ ዛሬ አላውቅም። ታብሌቱ በእጁ የያዘው ሰው 30 ዓመቱ ነው ብሎ ካመነ ምኑን ይከለክለዋል? ስለዚህ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ አውጪና ታብሌቱን ሪሴት አድርጊው፣ ማለትም ውስጡን ሁሉ አጥፍተሽ እንደ አዲስ አስጀምሪው። ግን ከዚያ በፊት የድሮውን አካውንት ፓስወርድ ከእህትሽ ተቀበዪ። ሪሴት ካደረግሽ በኋላ ሊጠይቅሽ ይችላል።

ከዚያ በራስሽ ስልክ ላይ ፋሚሊ ሊንክ የሚባለውን የጎግል አፕ ጫኚ። በነፃ ነው። በዚያ በኩል ለልጁ በስሙ አካውንት ትከፍቺለታለሽ። እዚህ ጋ ብዙ የአገሬ እናት የምትሳሳተው ነገር አለ። የልደት ዓመት ሲጠይቅሽ የሚፈልገው የፈረንጁን ነው። ልጅሽ በ2007 ዓ.ም. ከተወለደ መጻፍ ያለብሽ 2014 ወይም 2015 ነው፣ እንደ ወሩ። 2007 ብለሽ ካስገባሽ ልጅሽ ጎግል ፊት 18 ዓመት የሞላው ሰው ሆነ። የመከልከሉ ነገር እዚያው ላይ አለቀ።

አካውንቱ ታብሌቱ ላይ ከገባ በኋላ ከስልክሽ ሆነሽ ክሮምን ታስተካክያለሽ። ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛው ሁሉንም ይፈቅዳል። ሁለተኛው ለልጅ የማይሆኑትን ለመከልከል ይሞክራል። ጎግል ራሱ «ይሞክራል» ነው የሚለው፣ ልብ በዪ። ሦስተኛው አንቺ ያጸደቅሻቸውን ብቻ ይከፍታል።

ለመጀመሪያው ወር ሦስተኛውን ምረጪ። ይከብዳል የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ልጅሽን አጠገብሽ አስቀምጪና «የምትፈልጋቸውን ድረ ገጾች ጻፍልኝ» በዪው። ስድስት ይጽፋል፣ ሰባተኛው ላይ ብዕሩን ይነክሳል። ለ11 ዓመት ልጅ ኢንተርኔት ማለት ጌም፣ ዩቲዩብና የኳስ ውጤት ነው። ሌላ ሲያስፈልገው ከታብሌቱ ይጠይቅሻል፣ አንቺ ቢሮ ሆነሽ ትፈቅጃለሽ። መጀመሪያ ሳምንት ስልክሽ ሲጮህ ይውላል። ከዚያ ይቀንሳል። ወሩ ሲያልቅ ሁለተኛውን ሞክሩት።

ይሄ ማጣሪያ ግን የሚሠራው ክሮም ላይ ብቻ ነው። ኦፔራ ሚኒ ካለ ልጁ በሌላ በር ወጥቷል ማለት ነው። ስለዚህ ሌሎች ብራውዘሮችን አጥፊ፣ ማንኛውም አፕ ከመጫኑ በፊት ያንቺን ፈቃድ እንዲጠይቅ አድርጊ። እዚያው ላይ ከፕሌይስቶር ውጭ የመጣ አፕ እንዳይጫን የሚከለክለውን አብሪው። ልጆቹ አፕ የሚቀባበሉት ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፈው በዜንደር ነው። ወይም ከቴሌግራም ቻናል ያወርዱታል።

ለምን ይሄን ያህል እንደምጠነቀቅ ልንገርሽ። ቪፒኤን ነው፣ የተዘጋውን በሌላ መንገድ አዙሮ የሚያስከፍተው አፕ።

ቪፒኤን ማን አስተማራቸው? እኛ ነን። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው አልነበር? ያኔ በየታክሲው ወሬው «የትኛው ቪፒኤን ይሠራልሻል?» ነበር። እኔ ቤት የጫነችልኝ ልጄ ናት። ያኔ 12 ዓመቷ ነበር። እሷም ከክፍሏ ልጆች ተምራው ነው። «እማ፣ ይቺን ንኪያት፣ አረንጓዴ ስትሆን ክፈቺ» አለችኝ። እኔም «ጎበዝ!» ብዬ ሳምኳት። እንግዲህ የተዘጋ ነገር እንደሚከፈት፣ ከፍቶም እንደሚሳም ያየ ትውልድ ነው ፊት ለፊትሽ የቆመው። በዚያ ላይ ነፃ የሚባሉት ቪፒኤኖች ብዙዎቹ የሚኖሩት በማስታወቂያ ነው። የምትፈሪው ነገር በራሱ በማስታወቂያው ይመጣል። ሳይፈቀድ አፕ የማይጫን ከሆነ ግን ይሄ በር ይጠባል።

ሰዓቱንም ፋሚሊ ሊንክ ይዘጋልሻል። እማማ «በቃ አስቀምጥ» ሲሉ ከሚጨቃጨቁ፣ ማሽኑ ይዝጋው። የስልክ ሰዓት ግን የፈረንጅ ነው። ማታ 2 ሰዓት እንዲዘጋ ከፈለግሽ 8 ፒኤም ብለሽ አስገቢ። አንዲት ጓደኛዬ 2 ብላ ሞልታ ልጇ እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ሲጫወት ነበር። ጠዋት «ሴቲንጉ አልሠራም» ብላ ደወለችልኝ። ሠርቷል እኮ። በቀን ስንት ሰዓት ይፈቀድ ካልሽኝ፣ በእኔ ቤት በትምህርት ቀን አንድ ሰዓት ነበር፣ ቅዳሜና እሁድ ሁለት። የተሻለ ቁጥር ካለሽ በራስሽ ሂጂ።

ታብሌቱ አይፓድ ከሆነ ያልኩሽን አካውንትና ፋሚሊ ሊንክ እርሺው። እዚያ ሴቲንግ ውስጥ ስክሪን ታይም የሚል አለ። ድረ ገጽ መገደቡም፣ አፕ እንዳይጫን ማድረጉም፣ ሰዓቱም በሱ ነው። ባለ 4 ቁጥር ኮድ ይጠይቅሻል። የልደት ዓመቱን አታድርጊው፣ መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው።

ኮድ ካነሳን አይቀር፣ የራስሽን ስልክ ፓተርን ልጅሽ ያውቀዋል? «አያውቅም» ልትዪኝ ነው። ዛሬ ማታ «እስቲ ስልኬን ክፈትልኝ» በዪውና እዪ። ካወቀ ፋሚሊ ሊንኩን ራሱ ከስልክሽ ገብቶ ይከፍተዋል። ቴሌብርሽም እዚያው ስልክ ላይ ነው ያለው።

ሁለተኛው ሥራ ራውተሩ ላይ ነው፣ ዋይፋዩን የሚያሠራጨው ሳጥን ላይ። ይሄን አብዛኛው ሰው አያውቀውም፣ ግን አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ፒያሳ አንድ ቤት ጠፍቶሽ ሊስትሮ ስትጠይቂ፣ «በዚህ ግቢ፣ በዚያ ታጠፊ» ይልሻል አይደል? ኢንተርኔትም እንደዚያ ነው። ስልኩ የድረ ገጹን ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። አድራሻውን የሚነግረው ሌላ ነው። ያ ዲኤንኤስ ይባላል። ክላውድፍሌር የሚባል ድርጅት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለቤተሰብ የሚሆን ዲኤንኤስ በነፃ ይሰጣል። ይሄኛው ሊስትሮ መጥፎ ቤት ስትጠይቂው «አላውቀውም» ብሎ ጫማውን ይጠርጋል።

ከራውተሩ ጋር በተገናኘ ስልክ ላይ ብራውዘር ክፈቺና 192.168.1.1 ብለሽ ጻፊ። ብዙ ጊዜ በዚህ ይከፈታል። የመግቢያው ስምና ፓስወርድ ከራውተሩ ጀርባ ተለጥፏል። ውስጡ ዲኤንኤስ የሚለውን ፈልገሽ በአንደኛው 1.1.1.3፣ በሁለተኛው 1.0.0.3 አስገቢ። ከዚያ የመግቢያውን ፓስወርድ ቀይሪ፣ ጀርባውን ማንበብ ልጅሽም ይችላል። አንዳንድ ራውተር ይሄን ለመቀየር አይፈቅድም። እምቢ ካለሽ ተዪው፣ ቀን አታቃጥዪበት።

ይሄ የማይደርስባቸው ቦታዎች አሉ። ዩቲዩብን እንዳለ ያውቀዋል እንጂ ውስጡ የትኛው ቪዲዮ እንደተከፈተ አያይም። ቴሌግራምም ያው ነው። በሞባይል ዳታ የገባ ሰው በራውተርሽ በኩል አያልፍም። የጎረቤት ዋይፋይም አለ። ኮንዶሚኒየም አይደል? ታብሌቱ ላይ ስንት ስም እንደሚመጣ ቁጠሪ፣ ከነዚያ ውስጥ የስንቱን ፓስወርድ ልጅሽ እንደሚያውቅ ደግሞ ጠይቂው።

ዩቲዩብ ታብሌቱ ላይ ባይኖር ይሻላል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሳሎን ውስጥ ይይ፣ ሰው እያለፈ። ቴሌግራምም ታብሌቱ ላይ አይጫን። የክፍሉን ግሩፕ አንቺ ባንቺ ቁጥር ያዢው። ሆምወርኩ ሲመጣ ከቢሮ ለእማማ ላኪላቸው፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ይገልብጠው።

ይሄን ሁሉ ስታደርጊ ደብቀሽው አታድርጊ። ልጁ አጠገብሽ ይቀመጥ። «ይሄን የዘጋሁት በዚህ ምክንያት ነው፣ ሂስትሪህን እሁድ እሁድ አብረን እናየዋለን» በዪው። ይናደዳል፣ ይናደድ። እኔ ተደብቄ አይቼ የደረሰብኝን ላውጋሽ። ልጄ 13 ሳለች ስትተኛ ቴሌግራሟን አነብ ነበር። ምንም አልነበረም፣ የክፍል ወሬ ብቻ። አንድ ቀን ስንጣላ ለጓደኛዋ ከጻፈችው አንድ ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ዝም ብላ አየችኝ። አሁን 15 ዓመቷ ነው። ስልኳን እስከ ዛሬ በፊቱ ደፍታ ነው የምታስቀምጠው።

እንግዲህ ወደ እማማ ስልክ እንምጣ። ያንቺ እናት ቢሆኑ «እማዬ፣ ስልክሽን አምጪ» ብለሽ ትቀበያታለሽ። አማትሽ ናቸው። አንቺ ስልካቸውን ብትነኪ «አላመነችኝም» ይሆናል ነገሩ። ይሄን ባልሽ ይሥራው። «ስልክ ከዚህ ቤት ይጥፋ» ብሏል አይደል? መልካም፣ ከእናቱ ስልክ ይጀምር። ልጁ ምን እንዳየ ግን እማማ ማወቅ አያስፈልጋቸውም። የልጅ ልጃቸውን በዚያ ዓይን ማየት ከጀመሩ መመለሻ የለውም። «ልጆቹ በስህተት እንዳይነኩ ነው» ይበላቸው፣ ይበቃል።

ችግሩ ምን መሰለሽ? ስልኩን ኮድ ብቻ ቢያደርግበት ተቀጪዋ እማማ ናቸው። እሳቸው ቤት የስልክ ባለሙያው ማን ነው? ልጅሽ ነዋ! መዝሙራቸውን የሚከፍትላቸው፣ የመጣውን መልእክት የሚያነብላቸው፣ ካርድ የሚሞላላቸው እሱ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ይሄን ሥራ አትንጠቂው። ልጁ ተመቶ፣ ታብሌቱን ተቀምቶ፣ አፍሮ ሰንብቷል። «የእማማ ቴክኒሻን» መሆኑ የቀረለት ክብር ነው። ቦታው ብቻ ይቀየር። ስልኩን የሚነካው እማማ ጎን ተቀምጦ፣ ሳሎን ውስጥ ነው። መኝታ ቤት አይገባም።

ባልሽ ስልኩ ላይ የሚሠራው አራት ነገር ነው። ክሮምን እማማ የማይጠቀሙበት ከሆነ ከአፖቹ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ያሰናክለው። ጎግል ላይ ሴፍ ሰርች የሚለውን ያብራ፣ ለልጅ የማይሆነውን ከፍለጋ ውጤቱ ያጣራል። ዩቲዩብ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ሪስትሪክትድ ሞድ የሚለውን ያብራ፣ ለልጅ የማይሆነውን ሁሉንም ባይሆን ብዙውን ይደብቃል። አራተኛው ዋናው ነው። አንድሮይድ 9 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚል ቦታ አለው። እዚያ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ ሳይነጣጠል «ፋሚሊ ነጥብ ክላውድፍሌር ሰረዝ ዲኤንኤስ ነጥብ ኮም» (family.cloudflare-dns.com) ብሎ ይጻፍ። ያው ሊስትሮ ነው፣ አሁን ግን ከስልኩ ጋር አብሮ ይዞራል። በዋይፋይም በዳታም ይሠራል። ታብሌቱ ላይም ይሄንኑ መጻፍ ይቻላል፣ ያኔ የጎረቤት ዋይፋይ ብዙ አያሳስብሽም።

ትንሿ የእማማን ስልክ ይዛ ተረት ስታይ ደግሞ አፕ ፒን የሚባል ነገር አለ። የተከፈተውን አፕ እዚያው ይቸነክረዋል። ስልኩ ኮድ ካለውና ከመውጣት በፊት እንዲጠይቅ ካደረጋችሁት ያለ ኮድ መውጣት የለም። ለ7 ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ አልጨነቅም።

ለባልሽ አንድ ቃል አለኝ። ሁለታችሁ ሳትስማሙ ልጁ ፊት አትቅረቡ። አንቺ ትዘጊያለሽ፣ እሱ እሁድ ጨዋታ እያየ እንዳይረበሽ የራሱን ስልክ ይሰጠዋል፣ ሁሉም ነገር ዜሮ ይገባል። ማታም እራት ላይ ማን ቲክቶክ እንደሚያይ እኔ አልጠይቅም። ሌሊት ሁሉም ስልክና ታብሌት ሳሎን ቡፌው ላይ ቻርጅ ይደረግ። የናንተም ጭምር። ለማንቂያ ደወል ከሆነ ሰዓት መርካቶ ይሸጣል።

ልጁ ከሰዓት ምን ይሥራ? ይሄን አልጠየቅሽኝም። ግን 9 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት የገባ ልጅ እስከ 1 ሰዓት አራተኛ ፎቅ ላይ ከአንድ አዛውንትና ከአንድ ስክሪን ጋር ነው። ኳስ ይዞ ይውረድ፣ ከብሎኩ ልጆች ጋር። ጎረቤትሽን ዓይን እንድትጥልበት ንገሪያት። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከሜክሲኮ ታክሲ ይዛችሁ አራት ኪሎ ውጡ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውሰጂው። የልጆች ክፍል አለው። ሲጨርስ አስፋልት ዳር ሻይና ብስኩት። መንገድ ላይ ወሬ ይወጣዋል፣ እኔ ከልጄ ያገኘሁት ወሬ በሙሉ ታክሲ ውስጥ የተወራ ነው።

እና ደግሞ አደራ፣ ሪስትሪክትድ ሞድ አንዳንዴ ምንም የሌለበትን ቪዲዮም ይደብቃል። ባልሽ ስልኩን አስተካክሎ ሲጨርስ ዝም ብሎ አይመልስላቸው። የጠዋት መዝሙራቸውን እያዩ ይክፈትላቸው። ካልተገኘ ልጁን ጥሩት፣ የት እንዳለ እሱ ያውቃል።